«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

ባለፈው ፋሲካ ደምበጫ ሄጄ የአያቴን ጉልበት ስሜ ቀና ስል «የማን ልጅ ነህ አንተ?» አለችኝ። እጇ ላይ ያደግሁ ልጅ ነኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። አቦሉን ጠጥታ ስኒውን ካስቀመጠች በኋላ ግን «ዛሬ ቡና አይፈላም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «አሁን ጠጣሽ እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። እስካሁን ያሳፍረኛል። ጎረቤቶች «እርጅና ነው፤ ጃጅታለች» ብለው አለፉት።

አዲስ አበባ ስመለስ ማንበብ ጀመርኩ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ሰው የአንድን ሳሙና ስም እንዳይረሳ ደመወዝ ይከፈለኛል። ሰው እንዴት እንደሚረሳ ግን አስቤበት አላውቅም ነበር።

አንጎላችን ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1919 ለይቶ ያሳወቃቸው ስፔናዊው ሐኪም ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ነው። ከአንጎል ሕዋሳት 10 በመቶ ገደማ ይሆናሉ። የሚገርመው ትውልዳቸው አንጎል ውስጥ አይደለም፤ ፅንሱ ገና የጥቂት ሳምንታት ዕድሜ እያለው ከውጭ ገብተው እዚያው ይከትማሉ። እኔ ዘበኛም ጽዳት ሠራተኛም አድርጌ ሳስባቸው ይቀለኛል። ቅርንጫፍ መሳይ እጆቻቸውን ሌት ተቀን ዘርግተው አካባቢያቸውን ይዳስሳሉ፤ ጀርም ሲያገኙ ይውጣሉ፤ የሞተ ሕዋስ ያነሳሉ። በልጆቻችሁ አንጎል ውስጥ ደግሞ አትክልተኛ ቅርንጫፍ እንደሚገርዝ የማያስፈልጉ የነርቭ ግንኙነቶችን ይቀንሳሉ።

በአልዛይመር ግን ነገሩ ይበላሻል። አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ሲከማች መጀመሪያ ከበው ሊያጸዱት ይሞክራሉ። ዓመታት ሲያልፉ አቅም ያንሳቸዋል፤ ቁጣቸውም አልበርድ ይላል። ያን ጊዜ ጤነኛውን ነርቭ ይጎዳሉ፤ የሚያስፈልገውን ግንኙነት ሳይቀር ይበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 እነዚሁ ሕዋሳት በሚጠቀሙበት ትሬም ቱ በተባለ ዘረመል ላይ የሚገኝ ለውጥ ለአልዛይመር እንደሚያጋልጥ ታውቋል። ዘበኛው ሲደክም ቤቱ ይጎዳል ማለት ነው።

አያቴን ፍኖተ ሰላም ወስደን አሳየናት። ሐኪሙ መጀመሪያ ያዘዘው የደም ምርመራ ነበር። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ ድብርት፣ የጆሮ መድከምም ጭምር የመርሳት በሽታ ሊመስሉ ወይም ሊያባብሱት ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። እናንተም «ጃጀ» ከማለታችሁ በፊት አስመርምሩ። የእሷ ግን ከነዚህ አልሆነም፤ ፈጽሞ የሚያድናትም መድኃኒት የለም።

አሁን መንገዱ ሲመች እሄዳለሁ። «ቡና አይፈላም እንዴ?» ስትል አልከራከራትም፤ ቀጠን ያለ ቡና እንደገና ይቀዳላታል። «የማን ልጅ ነህ?» ስትለኝ የእናቴን ስም እጠራለሁ። እሷን አልረሳቻትም። «እህ፣ የእሷ ነህ!» ትልና ጉንጬን ትስማለች።