«ተያዥ አለሽ?»

ሰቆጣ ላይ የጸጉር ቤት ሠራተኛ የሚፈለገው በሐምሌ ነው። ነሐሴ 16 ሻደይ ይገባል፤ የዋግ ልጃገረድ ደግሞ ሹሩባዋን ሳትሠራ ከበሮ አትከተልም።

አንዲት የማውቃት ባለ ሳሎን ሁለት ልጆች ስትፈትን አጠገቧ ነበርኩ። አንደኛዋ የኮሌጅ ወረቀት አላት፤ ካስክና ካውያ ታውቃለች። ሁለተኛዋ ከገጠር የመጣች ናት፤ ወረቀት የላትም። ሴትዮዋ ሻሿን ፈትታ ተቀመጠችና፣ «በይ የኔን ጀምሪ» አለቻት። ልጅቱ መሀል ለመሀል ከፈለችው፤ ሳትጎትት፣ ሳታሳምም ወረደችበት። እውነትም ፈተና ማለት ይኸ ነው! ወረቀት ጣት ይክበድ ይቅለል የት ያውቃል? በዚያ ላይ ከገበያ ለሚመጡት እናቶች የሚቀናቸው ኽምጠኛ ነው፤ እሷ ደግሞ አፏን የፈታችበት።

«ተያዥ አለሽ?»

«የለኝም እትዬ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ተቋጠረ። ደመወዝተኛ ዘመድ ከየት ታምጣ? ተያዥ የሚጠየቀው ለእምነት ነው ይባላል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን የሚመዘነው የልጅቱ ጠባይ ሳይሆን የዘመዷ ደመወዝ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ ውሉ በጽሑፍ ይሁን እንጂ። (በፊት 45 ቀን ነበር።) በዚህ ብትፈትናትስ ብዬ አነሣሁባት።

«ስልሳ ቀንማ ሻደይ አልፎ መስቀልም ያልፋል» ብላ ሳቀች።

ቢሆንም ያዘቻት፤ ያለ ተያዥ፣ በፐርሰንት፣ ከሠራችው ሲሶው የራሷ ሊሆን። ውሉ ግን እስካሁን አልተጻፈም።