የኢሜይል ሣጥን ኮታ ንፍገት ነውን?

ዛሬ በዚህ አምድ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ሰሞኑን በመኝታ ክፍሉም፣ በሻይ ቤቱም፣ በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይም ሲያነጋግረን የሰነበተው የተቋማችን የኢሜይል ሰርቨር ነው። «ሣጥኑ ጠበበን፣ ኮታው ይነሣልን» የሚለው ወገን ብዙ ነው። «ኮታ ባይኖርማ ሁላችንም ያለ ኢሜይል እንቀር ነበር» የሚልም አልጠፋም። እኛ ሦስት ሰልጣኞች፣ አንዱ ከሰበታ፣ አንዱ ከቡራዩ፣ አንዷ ከሱሉልታ፣ በዚህ ሰሚስተር ሰርቨሩን ከሚጠብቁት መምህራችን አጠገብ እየዋልን ስንረዳቸው ቆይተናል። ስለዚህ ያየነውንና የተረዳነውን ለሁለቱም ወገን እናካፍላለን።

እንደሚታወቀው የማስተማር ልምምድ ሲደርስ እንበታተናለን። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ቀድሞ ሦስቱም ለየብቻቸው ከተማ ነበሩ፤ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ይሁን እንጂ በስም አንድ መሆናቸው መንገዱን አላሳጠረውም። ከሱሉልታ ተነሥቶ ሰበታ ለመድረስ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ ታክሲ እየቀያየሩ፣ ግማሽ ቀን መጨረስ ነው። ስለዚህ የምደባ ደብዳቤ፣ የግምገማ ቀንና የመምህራን አስተያየት የሚደርሰን በኢሜይል ነው። ኢሜይሉ ከቆመ ልምምዱም ይቆማል ማለት ይቻላል።

ይህን የምንለው እንዲያው ለወሬ አይደለም። ባለፈው የልምምድ ወቅት የሱሉልታዋ ጓደኛችን ምደባ ተለወጠ። የለውጡ ደብዳቤ ሲላክላት ሣጥኗ ሞልቶ ስለነበር ተመለሰ። መመለሱን የሚገልጸው ማስታወቂያ ለላኪው መምህር ደርሷል፤ እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ በቡራዩ በኩል ትምህርት ቤቶችን ሲዞሩ ስለ ዋሉ ያዩት ማታ ነው። እሷ የማይጠብቋት ትምህርት ቤት ሄዳ ሁለት ቀን ጠፋባት፤ የመጀመሪያው ግምገማዋም አለፈ። «እንዴ! እኔኮ አንድም ፎቶ ለማንም አልላክሁም፤ ሣጥኔን የሞላው ማነው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። የሞሉት ሌሎች ለክፍሉ በሙሉ የላኳቸው ፎቶግራፎች ነበሩ።

ታዲያ ኮታ ምንድን ነው? ባገራችን የፖስታ አገልግሎት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 ተመሠረተ፤ ኢትዮጵያም የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰን ቤት ድረስ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። አባቶቻችን ቁልፋቸውን ይዘው ፖስታ ቤት ይሄዳሉ፣ ሣጥኑን ከፍተው ያወጣሉ። ባለሣጥኑ ለወራት ካልመጣ ሣጥኑ ይሞላል፤ አዲስ የመጣው ደብዳቤ ማረፊያ ያጣል። ግን ያንዱ ሣጥን ቢሞላ የጎረቤቱ ሣጥን አይሞላም፤ በመካከላቸው የብረት ግድግዳ አለና። በሰርቨር ውስጥ ኮታ ማለት ይህ የብረት ግድግዳ ነው።

ግድግዳው ከሌለ ምን ይሆናል? ሁላችንም የምንጽፈው በአንድ ዲስክ ላይ ነው። አንዱ ሰው ሳይታወቀው ዲስኩን ቢሞላው፣ የራሱ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ሣጥን በአንድ ጊዜ ይዘጋል። ከዚያም አልፎ፣ ሰርቨሩ የዕለት ሥራውን የሚመዘግብበት ፋይልና ያልተላኩ ደብዳቤዎች ወረፋ የሚይዙበት ቦታ በዚያው ክፍል ላይ ከሆኑ ሰርቨሩ ራሱ ይታፈናል። ስለዚህ ጥሩ ጠባቂ ዲስኩን አስቀድሞ ይከፋፍለዋል፤ አንዱን ክፍል ለስርዓቱ፣ አንዱን ለወረፋው፣ አንዱን ለመዝገቡ፣ ትልቁን ለሣጥኖቹ ያደርጋል። ሣጥኖቹ ቢሞሉ እንኳ ወረፋውና መዝገቡ ይተነፍሳሉ፤ ጠባቂውም ገብቶ ማስተካከል ይችላል።

ደብዳቤዎቹ የሚቀመጡበት መንገድም ሁለት ዓይነት ነው። የቀድሞው «ኤምቦክስ» የሚባለው ነው፤ ያንድ ሰው ደብዳቤ ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ደብተር በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀጣጥሎ ይጻፋል። ከመካከሉ አንዱን ለመሰረዝ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እንደገና መጻፍ ግድ ነው። በዚህ መሐል መብራት ከጠፋ ደብተሩ ሊበላሽ ይችላል። ሁለተኛው «ሜይልዲር» ይባላል፤ እያንዳንዱ ደብዳቤ የራሱ ፋይል አለው። አዲስ ደብዳቤ መጀመሪያ በጊዜያዊ ፎልደር ይጻፋል፤ ጽሕፈቱ ሲያልቅ ብቻ ወደ አዲሶቹ ፎልደር ይዛወራል፤ ባለቤቱ ካየው በኋላ ሦስተኛው ፎልደር ይገባል። ስለዚህ መብራት በመካከል ቢሄድ ግማሽ ደብዳቤ እንደ ሙሉ ሆኖ አይገኝም። መብራት ሲመጣና ሲሄድ ለለመድነው ለእኛ ይህኛው ይሻላል። ግን የራሱ ዕዳ አለው፤ ትንንሽ ፋይሎች እጅግ ይበዛሉ። ዲስክ የሚይዘው የፋይል ብዛትም ወሰን ስላለው፣ ባዶ ቦታ እያለ «ሞልቷል» የሚልበት ጊዜ አለ። ጠባቂው የቦታውን መጠን ብቻ ሳይሆን የፋይሉንም ቁጥር መከታተል አለበት።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ኧረ ተዉን፣ ጂሜይልኮ ኮታ የለውም!» ይሉናል። አለው እንጂ። ጂሜይል እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር ለአንድ ሰው 1 ጊጋባይት ሰጠ፤ ያን ጊዜ ሆትሜይል በነጻ የሚሰጠው 2 ሜጋባይት ስለነበር ዓለም ተደነቀ። እ.ኤ.አ. በ2013ም ለደብዳቤ፣ ለፋይልና ለፎቶ በጋራ 15 ጊጋባይት አደረገው። ይኸ ሁሉ ሀብት ያለው ኩባንያ ገደብ ካበጀ፣ ጥቂት ዲስክ ያለን እኛ እንዴት ያለ ገደብ እንኖራለን? ለምሳሌ 600 ሰው ለእያንዳንዱ 1 ጊጋባይት ቢባል 600 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ከዚያ ላይ የመጠባበቂያው ቅጂ ሌላ 600 ይፈልጋል።

ቦታውን የሚበላው ምን እንደሆነ ቁጭ ብለን አስልተነዋል። አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ 3 ባይት ይይዛል። አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ ግን በአንድ ፊደል 1 ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ «ሰላም» 9 ባይት ሲሆን፣ በቁቤ 5 ፊደል ያለው «ነጋ» 5 ባይት ነው። ኢሜይል በሚላክበት ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 3 ባይቱ ወደ 4 ይለወጣል። እንግዲህ 2,000 ፊደል ያለው አንድ ሙሉ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ በሣጥን ውስጥ 8 ኪሎባይት ገደማ ነው። ያንኑ ገጽ በስልክ ፎቶ አንስተን ብንልከው፣ ፎቶው 3 ሜጋባይት ቢሆን በጉዞው 4 ሜጋባይት ይሆናል። ልዩነቱ አምስት መቶ እጥፍ መሆኑ ነው! ለ40 ተማሪ ክፍል ሲላክ ደግሞ በየሣጥኑ ቅጂው ስለሚቀመጥ 160 ሜጋባይት ይሆናል። የጓደኛችንን ሣጥን የሞላው ይኸው ነው። ፊደላችን አይደለም ያጣበበን፤ ስንፍናችን ነው ቢባል ያስኬዳል።

ይሁን እንጂ «ኮታ ፍትሕ ነው» ብለን ብቻ አናልፍም። ግድግዳ ብቻውን ፍትሕ አይሆንም፤ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። ሣጥናችንን የያዘው «ዶቭኮት» የሚባለው ፕሮግራም ሣጥኑ 80 ከመቶ፣ ከዚያም 95 ከመቶ ሲደርስ ለባለቤቱ የማስታወቂያ ደብዳቤ እንዲልክ ሊታዘዝ ይችላል። የማስታወቂያው ደብዳቤም ኮታው ሳያግደው እንዲገባ ማድረግ ይቻላል፤ አለዚያማ ለሞላ ሣጥን «ሞላህ» ብሎ መጻፍ ምን ዋጋ አለው? አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህንን ነው። ያን ጊዜ ይህ ትእዛዝ አልተሰጠም ነበር። ጓደኛችን አንድ መስመር ማስታወቂያ ብታገኝ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ሣጥኗን አጽድታ ደብዳቤዋን ትቀበል ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ነው። ተቀባዩ በሦስት አሐዝ ቁጥር ይመልሳል። ቁጥሩ በ2 ከጀመረ «ተቀብያለሁ»፣ በ4 ከጀመረ «አሁን አልተመቸኝም፣ ቆይተህ ሞክር»፣ በ5 ከጀመረ «አልቀበልም፣ ለላኪው መልስ» ማለት ነው። ዶቭኮትን እንዳለ ከተዉት፣ ሣጥን ሲሞላ በ5 ይመልሳል። በ4 እንዲመልስ ማዘዝ ግን ይቻላል። ያን ጊዜ «ፖስትፊክስ» የሚባለው አመላላሽ ደብዳቤውን በወረፋ ይዞ፣ ካልተለወጠ በቀር እስከ 5 ቀን ድረስ ደጋግሞ ይሞክራል። መብራት ጠፍቶ ሰርቨራችን ሲተኛ ከውጭ የሚመጣው ደብዳቤ የማይጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የላኪው ሰርቨር ይዞ ይጠብቀናል። ይህ ይዞ የማስተላለፍ ዘዴ ላገራችን አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ኢንተርኔት ከመጀመሩ በፊት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የነበረው «ፓዲስ» ደብዳቤዎችን እየሰበሰበ በስልክ መስመር በ«ፊዶኔት» ዘዴ ያስተላልፍ ነበር። በጥቂት መሣሪያ ትዕግሥትን ጨምረው ሠሩ።

ስለ ማሻሻሉም አንድ ቃል እንጨምር። ፕሮግራሙ ሲያረጅ የደህንነት ቀዳዳ ስለሚበዛበት መታደስ አለበት። ነገር ግን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ነው። ዶቭኮት 2.4 እ.ኤ.አ. በ2025 ሲወጣ የ2.3ን የማዘዣ ፋይል እንዳለ የማይቀበል ሆኖ ነው የመጣው። ማዘዣውን ሳያስተካክል የሚያድስ ሰው ጠዋት ላይ የማይነሣ ሰርቨር ያገኛል። መምህራችን ያሳዩን አሠራር እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ቅጂ ይወሰዳል። ቀጥሎ ቅጂው በሌላ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ደብዳቤዎቹ በእርግጥ መነበባቸው ይታያል፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርምና። ከዚያም አዲሱ ፕሮግራም በዚያው በአሮጌው ላይ ይሞከራል። በመጨረሻ ብቻ ዋናው ይነካል። ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት ነገር እንዲጽፉ ማድረግም ቅጂ አይባልም፤ በስሕተት የተሰረዘ ደብዳቤ ከሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይሰረዛል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በመነሣት የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ኮታው ይቆይ፤ መጠኑ ግን ማንም እንዲያውቀው እዚህ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ድፍረት አይሁንብንና፣ የመምህራን ሣጥን እስካሁን ገደብ የለውም። ሥራቸው ሰፊ ስለሆነ ሰፊ ሣጥን ይገባቸዋል፤ ነገር ግን ግድግዳ የሌለው አንድ ሣጥን ካለ የሌሎቻችን ግድግዳ ከንቱ ነው፤ ዲስኩን ያው አንዱ ሊሞላው ይችላልና። ሦስተኛ፣ የ80ና የ95 ከመቶ ማስጠንቀቂያ ይብራ። አራተኛ፣ በልምምድ ወራት ሣጥን ቢሞላ መልሱ በ5 ሳይሆን በ4 ይሁን። አምስተኛ፣ እድሳት በልምምድ ሳምንት አይደረግ፤ ሲደረግም ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ ይነገር። ስድስተኛ፣ ይህ ደግሞ ለኛው ለሰልጣኞች ነው፤ ጽሑፍን ጽፈን እንላክ እንጂ ፎቶ አንስተን አንላክ። ትልቅ ፋይል ሲኖር በጋራው ፎልደር አንድ ቅጂ አስቀምጠን አድራሻውን ብቻ እናስተላልፍ።

ነገ ተመርቀን በየገጠሩና በየከተማው ስንመደብ «አንተ ወጣት ነህ፣ አንቺ ኮምፒዩተር ትችያለሽ» ተብሎ የትምህርት ቤቱ ማሽን ቁልፍ ለእኛ መሰጠቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ጥቂቱን ነገር ለብዙ ሰው ማካፈል ሥራችን ይሆናል፤ ጠመኔውም፣ መጽሐፉም፣ የዲስኩም ቦታ እንዲሁ ነው። ማካፈል ደግሞ መከልከል ብቻ አይደለም። ደንቡን ለሁሉ እኩል ማድረግ፣ ከመሙላቱ በፊት መናገርና የዘገየውን መጠበቅም አለበት።

የጓደኛችን ግምገማ እንዲደገምላት ያቀረበችው ማመልከቻ እስካሁን መልስ አላገኘም። የሚመለከታቸው መምህራን ይህን ጽሑፍ ካነበቡ፣ መልሱን ቢልኩላት ሣጥኗ ዛሬ ባዶ መሆኑን በትሕትና እናስታውቃለን።