ብርሃን የሚጠይቅ ደብዳቤ

በኪነ ጥበብ ተቋማት ውስጥ ከሚጻፉት ጽሑፎች ሁሉ ከቁም ነገር የማይቈጠረው የዕቃ ግዥ መጠየቂያ ደብዳቤ ነው። ግጥሙ ይነበባል፤ ተውኔቱ ይታያል፤ ሥዕሉ ይሰቀላል፤ የእያንዳንዱም ጥንካሬና ድክመት በሂስ ይመዘናል። «ጉዳዩ፦ የዕቃ ግዥ እንዲፈቀድልን ስለ መጠየቅ» ብሎ የሚጀምረው ባለ አንድ ገጽ ወረቀት ግን ሃያሲ የለውም። ይሁን እንጂ መጋረጃው የሚከፈተው፣ ድምፁ የሚሰማው፣ ማተሚያው የሚዞረው በዚሁ ወረቀት ዕድል ነው። ወረቀቱ ማሳመን ከተሳነው ተዋናዩ በጨለማ ይቆማል። ስለሆነም ይህ ችላ የተባለ የጽሑፍ ዓይነት እንደ ማንኛውም ድርሰት በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል።

ለምርመራው የአንድ ከተማ የባህል አዳራሽን የመብራት ክፍል መመልከት ይበቃል። በመድረኩ ላይ እያንዳንዳቸው 1000 ዋት የሚወስዱ 12 የቆዩ መብራቶች ተሰቅለዋል። ብርሃኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዲመር ከአገልግሎት ብዛት አርጅቶ፣ ከመሥመሮቹ ከፊሎቹ ጭራሽ አይሠሩም፤ የቀሩትም በትርኢት መካከል ፊውዝ ያቃጥላሉ። በዚህ ጊዜ መሰላሉን ተሸክመው የሚወጡት በዕድሜ የገፉት ቴክኒሺያን ናቸው። የጋለ አምፖል በጨርቅ ይዘው ሲያወጡ የተቃጠሉት ጣቶቻቸው ጠባሳ አብጅተዋል። ተመልካቹ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያይም። የሚያየው በለቅሶዋ መካከል ድንገት ፊቷ የጠፋባትን ተዋናይት ብቻ ነው።

የክፍሉ ኀላፊ ወጣት ነው፤ ብዕሩም ይታዘዝለታል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈው ከልቡ ነበር። «ኪነ ጥበብ የሕዝብ መስታወት እንደ መሆኗ መጠን» ብሎ ጀመረ፤ የመሣሪያው እርጅና «ልብ የሚሰብር» መሆኑን ገለጸ፤ «ዘመናዊና የተሟላ የመብራት መሣሪያ በአስቸኳይ እንዲገዛልን በታላቅ ትሕትና እንጠይቃለን» ብሎ ደመደመ። መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ፤ በበጀት እጥረት ምክንያት ጥያቄውን ለጊዜው ማስተናገድ አልተቻለም። በዓመቱ ያንኑ ደብዳቤ ይበልጥ አሳምሮ ጻፈው። በዚህኛው ጊዜ መልስ እንኳ አልመጣም፤ በኅዳጉ ላይ «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» የሚል ቃል ተጽፎበት ቀረ።

ወጣቱ አዝኖ ወደ ሒሳብ ክፍል ወረደ። በዚያ ለረጅም ዓመታት የሠሩት ሴት ደብዳቤውን ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት።

«እትዬ፣ ምኑ ነው የጐደለው?» አላቸው።

«አማርኛው አልጐደለም፤ እኔንም አሳዝኖኛል» አሉት። «ነገር ግን አንተ ልጅ፣ ኮሚቴው ፊት የሚቀርበው ይህ ወረቀት ብቻ አይደለም። ጣሪያው የሚያፈስ አለ፤ መኪናው የቆመ አለ፤ ሁሉም ያሳዝናል። ሐዘን ከሐዘን ጋር አይወዳደርም። ስንት ነው? ባይገዛ ምን ይሆናል? ሲገዛስ ማን ይይዘዋል? ይህን የነገረን የለም።»

ይህ አነጋገር የጉዳዩን ሥር ያሳያል። በመሠረቱ ጠያቂ ሁለት አንባቢዎችን ያደባልቃል። ተመልካች ወደ አዳራሽ የሚመጣው ሊሰማው ፈልጎ፣ ስሜቱን ሊሰጥ ተዘጋጅቶ ነው። የግዥ ኮሚቴ አባል ግን የሚመጣው ሊጠየቅ እንደሚችል እያሰበ ነው። ከዓመት በኋላ ኦዲተር ፊቱ ቆሞ «ይህን ለምን ፈቀድህ?» ቢለው የሚመልሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ጥሩ የመጠየቂያ ጽሑፍ ለፈቃጁ የሚያቀርበው ልመና ሳይሆን መልስ ነው። «ልብ የሚሰብር» የሚለው ቅጽል ለኦዲተር አይነገርም። «በ1 ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ትርኢት ተቋርጧል» የሚለው ግን ይነገራል።

ወጣቱ ሦስተኛውን ጽሑፍ ከመጀመሩ በፊት ለ3 ወራት አንድ ደብተር ይዞ ሰነበተ። ፊውዝ የተቃጠለበትን ቀን፣ ትርኢቱ የቆመበትን ደቂቃ፣ ከግምጃ ቤት በሞዴል 22 ወጪ የሆነውን አምፖል ሁሉ መዘገበ። ከዚያም ወደ ስሌቱ ገባ። አዳራሹ በዓመት 100 ምሽት ቢሠራ፣ ከልምምዱ ጋር በምሽት 4 ሰዓት ቢበራ፣ 12ቱ መብራቶች በዓመት 4,800 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳሉ። እያንዳንዳቸው 200 ዋት በሚወስዱ የኤል ኢ ዲ መብራቶች ቢተኩ ፍጆታው 960 ይሆናል፤ ልዩነቱ 3,840 ነው። የአንዱ አሮጌ አምፖል ዕድሜ 300 ሰዓት ቢገመት በዓመት 16 አምፖል ያስፈልጋል። አምፖሉም ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። የአዲሶቹ ዕድሜ ግን በአሥር ሺሕዎች ሰዓት ይቈጠራል።

እዚህ ላይ ፈተና መጣ። የኤሌክትሪኩ ቁጠባ ሲሰላ ብቻውን የመሣሪያውን ዋጋ በአጭር ጊዜ የሚመልስ ሆኖ አልተገኘም። ምሽቱን 200 ብሎ፣ ሰዓቱን 8 ብሎ ቢጽፍ ግን ቁጥሩ ያምር ነበር። ብዙ የመጠየቂያ ጽሑፍ የሚሞተው በዚህ ስፍራ ነው፤ ምክንያቱም ከአንድ የተጋነነ ቁጥር በኋላ እውነተኞቹም አይታመኑም። ወጣቱ ቁጥሩን እንዳለ ትቶ ከሥሩ ይህን ጻፈ፦ «የኀይል ቁጠባው የግዥው ዋና ምክንያት አይደለም። ዋናው ምክንያት የትርኢት መቋረጥና የሠራተኛ ደኅንነት ነው።» ድክመቱን ራሱ የሚናገር ጽሑፍ ተከራካሪውን ትጥቅ ያስፈታል።

በኪነ ጥበብ በኩል ያለውንም ጉድለት አልሸሸገም። ጥራቱ ዝቅ ያለ የኤል ኢ ዲ መብራት ቀለምን በትክክል አያሳይም። የሰውን ቆዳ ያገረጣል፤ ነጩን ሸማ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፤ የጥለቱንም ቀለም ያደበዝዛል። በመሆኑም በዝርዝር መግለጫው ላይ የፋብሪካ ስም ሳይጠራ መሣሪያው ሊሠራ የሚገባውን ጻፈ፤ ቀለምን በምን ያህል ታማኝነት እንዲያሳይ፣ በምን ያህል ርቀት እንዲያበራ፣ ስንት ዋት እንዲወስድ። የመንግሥት ግዥ ሥርዓትም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ከመርሖቹ አንዱ አድርጎ ያሰፈረው ለሚወጣው ገንዘብ ተመጣጣኝ ጥቅም ማግኘትን ነበር። ርካሹን መግዛት ሁልጊዜ ይህን አያስገኝም፤ ውዱን መግዛትም እንዲሁ።

ሌላም የተሰወረ ነገር ነበር። አዲሶቹ መብራቶች በአሮጌው ዲመር አይታዘዙም። የማይዋዥቅ ኀይል ይፈልጋሉ፤ ከፍና ዝቅ የሚሉትም በተለየ ገመድ በሚደርሳቸው ትእዛዝ ነው። መቆጣጠሪያው ከነገመዱ አብሮ ካልተጠየቀ መብራቱ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፣ ከነካርቶኑ ግምጃ ቤት ተቀምጦ ይቀራል። ገንዘቡ ወጥቶ ሥራው የማይሠራ ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለው ጠያቂ በር ይዘጋበታል። ስለዚህ ጽሑፉ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ተከላውን፣ ሥልጠናውንና መለዋወጫውን አብሮ ቈጠረ። አራት አማራጮችንም ጐን ለጐን አቀረበ፦ ባለበት መቆየት፣ አሮጌውን መጠገን፣ ከፊሉን መተካት፣ ሁሉንም መተካት። የእያንዳንዱን ዋጋና መዘዝ አስቀመጠ። ለመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው አንድ መንገድ ብቻ ሲቀርብለት የቀረው ምርጫ እሺ ወይም እምቢ ማለት ነው፤ አራት ሲቀርብለት ግን ከጠያቂው ጋር አብሮ ማሰብ ይጀምራል።

ጊዜውም ታሰበበት። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። በሰኔ የሚደርስ ደብዳቤ ባዶ ከረጢት ያገኛል። ሦስተኛው ጽሑፍ የቀረበው የመጪው ዓመት ዕቅድ ገና በሚዘጋጅበት ወራት ነበር።

የመድረክ ብርሃን ታሪክ ራሱ ለዚህ ነገር ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. በ1881 በለንደን የተከፈተው ሳቮይ ቴአትር ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ በመብራት ከሕዝብ ሕንፃዎች የመጀመሪያው ሆነ። የጆሴፍ ስዋን ሥራ የሆኑ ወደ 1,200 የሚጠጉ አምፖሎች ነበሩት። የቴአትር ቤቱ ባለቤት ሪቻርድ ዶይሊ ካርት ግን ሕዝቡ አዲሱን ነገር እንደሚፈራ ያውቅ ነበር። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ላይ በቪየና ሪንግ ቴአትር ከጋዝ መብራት በተነሣ እሳት በመቶዎች የሚቈጠሩ ሰዎች አልቀው ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ካርት ወደ መድረክ ወጣ፤ የበራ አምፖል በቀላሉ በሚቀጣጠል ስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በተመልካቹ ፊት ሰበረው። ብርሃኑ ወዲያው ጠፋ፤ ጨርቁን ዘርግቶ ሲያሳይ አንዳች የመቃጠል ምልክት አልነበረበትም። ስለ ሥልጣኔ ረጅም ዲስኩር ሊያደርግ ይችል ነበር። እርሱ ግን ተመልካቹ በልቡ የያዘውን ጥያቄ ለይቶ ለእርሱ ብቻ መልስ ሰጠ። የማሳመን ጥበብ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ሦስተኛው ጽሑፍ ሦስት ገጽ ነበረ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለ መሰላሉና ስለ ጣቶቹ ጠባሳ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ቅጽል የሌለው፤ ቀን ያለው። ኮሚቴው በቃለ ጉባኤው መቆጣጠሪያውንና 6 መብራቶችን ፈቀደ፤ የቀሩት 6 ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ተላለፉ። ቴክኒሺያኑ ይህን ሲሰሙ «ግማሽ ጨለማ ቀነሰ ማለት ነው» ብለው ሳቁ። ወጣቱ ግን የቀረውን ግማሽ በደብተሩ መመዝገቡን አላቋረጠም።

አንዳንድ የኪነ ጥበብ ሰዎች ይህን መሰሉን ሥራ ከሙያቸው ክብር በታች ያዩታል። «ጥበብ በኪሎ ዋት አትለካም» ይላሉ። እውነት ነው፤ አትለካም። ነገር ግን ሕዝብ የሚሰጠው ገንዘብ ይለካል። በመሰላል ላይ የሚቆም ሰው ሕይወትም ከማንኛውም ትርኢት ይበልጣል። የሒሳቡን ቋንቋ ንቆ የሚተው አርቲስት ውሳኔውን ሁሉ ጥበቡን ለማያውቅ ሰው ያስረክባል፤ ከዚያም አልተረዳሁም ብሎ ያማርራል። የሒሳቡም ሰው በፊናው ከቁጥሮቹ በስተጀርባ ያለውን መድረክ አንድ ምሽት መጥቶ ቢያይ የሚፈርመውን ያውቃል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ድልድይ በትክክል የተጻፈ ወረቀት ነው።

ተውኔት የሚጽፍ ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል፤ ገጸ ባሕርይ ስለ ራሱ በሚናገረው ሳይሆን በሚያደርገው ይታመናል። የመጠየቂያ ደብዳቤም ለዚሁ ሕግ ይገዛል። «ያስፈልገናል» የሚለው ቃል ንግግር ነው፤ የተመዘገበው ቀን፣ የተቈጠረው አምፖል፣ ሳይሸሸግ የቀረበው ጉድለት ግን ድርጊት ነው። በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ከሚጠብቁት ወረቀቶች መካከል ተራው የሚደርሰውም ከብዙው ለቅሶ ይልቅ ይህን ድርጊት የያዘው ነው።