ባሕር ዳር

እማዬን «ባሕር ዳር እንሂድ» ስላት መጀመሪያ የሚታያት ጣና ነው። ከምኖርባት የእስራኤል ከተማ ከያቭነ በመኪና ሃያ ደቂቃ የማይሞላ ሌላ ባሕር እንዳለ ታውቃለች፤ ግን አትወደውም። «ጨው ነው፣ አይጠጣም፣ ምን ያደርጋል?» ትላለች። ባለፈው ዓርብ ጎህ ሲቀድ ግን እንደምንም አግባብቼ ፓልማሂም ወሰድኳት።

አሸዋው ላይ ከውሃው ጀምሮ ሽቅብ የወጣ ሰፊ ዱካ አየን። «እዚህም በትራክተር ያርሳሉ?» አለችኝ። የባሕር ኤሊ ነበረች። ሌሊት ወጥታ፣ ጉድጓድ ምሳ፣ እንቁላሏን ጥላ ተመልሳለች። አንድ የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ሠራተኛ ተንበርክኮ አሸዋውን በእጁ ይጠርጋል። እንቁላሎቹ የፒንግ ፖንግ ኳስ ያካክላሉ። አንድ በአንድ፣ ሳያገላብጥ፣ አሸዋ የተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ ከተገለበጡ ጽንሱ ሊሞት ይችላል። ከአንድ ጎጆ መቶ ያህል ይወጣል። ከዚያ አጥር ባለው ቦታ ተቀብረው፣ ሃምሳ ስድሳ ቀን ቆይተው ይፈለፈላሉ። አሸዋው በጣም ከሞቀ የሚወለዱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው ሲለን እማዬ «እሰይ!» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «ያለ ወንድ ግን እንዴት ሊሆኑ ነው?» ብላ ተከዘች።

ኦሪት ላይ፣ ዘዳግም 22፣ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን እንዲለቅ ታዟል። ይቺኛዋ ማንም ሳይለቃት ራሷ ሄዳለች።

ሰው ሁልጊዜ እንዲህ አልተንበረከከላትም። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል፣ በእንግሊዞች ዘመን፣ ከዚህ ጠረፍ ቢያንስ 30,000 አረንጓዴ ኤሊዎች ተይዘው ታርደዋል። እንቁላል ለመጣል ሃያ ሠላሳ ዓመት የምትጠብቅ ፍጥረት እንዲህ ስትመነጠር ቶሎ አትተካም። ዛሬም ብርቅ ናት።

ይኸው ዳርቻ ራሱ የመዝናኛ መንደር ሊሠራበት ነበር። አዲ ሉስቲግ የምትባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ተነሥታ ሕዝብ አስተባበረች፤ መንግሥትም በ2010 እ.ኤ.አ. ዕቅዱን ሰረዘ። እኔ ያኔ እዚሁ ያቭነ ነበርኩ፤ አንድ ፊርማ እንኳ አልፈረምኩም።

ስለዚህ አሁን የምችለውን ልበል። የኛ ሰው በሙቀቱ ወራት ማታ ማታ ሥጋ ሊጠብስ እዚያ ይወርዳል። ጫጩቶቹ ባሕሩን የሚያገኙት በብርሃኑ ነው፤ የመኪና መብራት ካዩ ወደ መኪናው ይሄዳሉ። መብራት አጥፉ። ዱካ ካያችሁ አትርገጡ፣ አትቆፍሩ፤ ለተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን በ*3639 ደውሉ።