የድኾች መዝገብ

በነቀምቴ ሰፈራችን በተደረገው ጉባኤ የጤና መድን የሚከፈልላቸውን ድኾች ስም እንድጽፍ ታዘዝኹ። ይህ የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተዠምሮ ወደ ብዙ አገር የተስፋፋ ነው። የሚችል ቤተሰብ በየዓመቱ መዋጮውን ይከፍላል፤ ለማይችለው ግን ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። መልካም ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ድኻው የሚለየው በጉባኤ ስለ ኾነ ስሙ በጎረቤቶቹ ፊት ይነሣል።

በፍርድ ቤት የብዙ ሰው ስም ጽፌአለኹ፤ እንደዚያ ቀን ግን ብዕር ከብዶኝ አያውቅም። ሰፌድ እየሰፉ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት ባልቴት ስማቸው ሲጠራ ብድግ ብለው፦ «እኔ ለማኝ አይደለኹም፤ ሰርዙኝ» አሉ። ሕመማቸውን ኹላችን እናውቅ ነበር፤ ዝም አልን።

ማታ ከባለቤቴ ጋራ ወደ ቤታቸው ኼድን፤ ቡና አፈሉልን። እኔም፦ «እማማ፥ ይህ ምጽዋት አይደለም፤ በየገበያው የከፈሉት ቀረጥ ተመልሶ ነው» ብዬ ማስረዳት ዠመርኹ። (ጸሓፊ ክርክር ይወድዳል።) ባለቤቴ በክርኗ ጐሸመችኝ። ባልቴቲቱም ሰፌዳቸውን ሲመለከቱ ቈይተው፦ «እንግዲያስ ጻፈኝ ልጄ፤ ብቻ ጮኸኽ አታንብበኝ» አሉኝ።

ጻፍኋቸው። ነገር ግን መዝገቡ በጉባኤ ሳይነበብ አይጸናም፤ የፊታችን እሑድ የማነበውም እኔ ነኝ።