ዱቄቱ ሲደቅ ፕላስቲኩ ይወፍራል

ፕላስቲክ አቅልጦ ዕቃ በሚያወጣ ፋብሪካ ዐሥር ዓመት ያኽል ስለ ሠራሁ፣ ሰው ባገኘኝ ቍጥር የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ለመሆኑ በዚህ ጀሪካን፣ በዚህ ቧንቧ ውስጥ ባዕድ ነገር አልተቀላቀለበትም?» ይለኛል። በቅቤና በበርበሬ ስንት ጊዜ የተታለለ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የእኔ መልስ ግን «ምን ያኽል ተቀላቀለ ከማለትዎ በፊት፣ ምን ያኽል ደቀቀ ይበሉ» የሚል ነው። ምክንያቱን ላስረዳዎ።

ጀሪካንና የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት ፖሊኤትሊን የተገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ነው። ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን የተባሉ ኬሚስቶች በእንግሊዝ አገር ጋዝን በከፍተኛ ግፊት ሲፈትኑ፣ ሰም የመሰለ ነጭ ነገር በዕቃው ውስጥ ረግቶ አገኙ። ይህ ነገር ከረዣዥም የሞለኪል ክሮች የተሠራ ነው። ክሮቹ እንደ ተተበተበ ፈትል ስለሚያያዙ፣ ሲቀልጥ እንደ ውሃ አይወርድም፤ እንደ ማር እየተሳበ ይሄዳል። በፍጥነት ሲገፉት ግን ክሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉና ይቀጥናል።

ሲሊካ ደግሞ የአሸዋ ዋና አካል ነው። በፖሊኤትሊን ውስጥ የገባ ሁሉ ለማጭበርበር አልገባም። የፌስታል አፍ ተጣብቆ እንዳያስቸግር፣ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ሲሊካ ይጨመርበታል። በብዙ የመኪና ባትሪዎች ውስጥ ሳሕኖቹን የሚለየው ስስ ፖሊኤትሊን ግን በክብደት ከፕላስቲኩ የሚበልጥ ሲሊካ ይዟል። ፖሊኤትሊን ውሃ አይወድምና አሲዱን የሚስበው ሲሊካው ነው። ይህን ያኽል ዱቄት የተሸከመ ፕላስቲክ ብቻውን ስለማይፈስ፣ ከዘይት ጋር ተለውሶ በመኪና ይገፋል፤ በኋላም አብዛኛው ዘይት ታጥቦ ይወጣል።

ዱቄት ፈሳሽን ምን ያኽል እንደሚያወፍር አልበርት አይንስታይን በ1906 ባሳተመው ጽሑፍ አስልቶ፣ በ1911 ስሌቱን አርሞታል። በሕጉ መሠረት፣ ከመቶ 2 እጅ ቦታ የሚይዙ ድቡልቡል ቅንጣቶች ቢገቡ፣ የፈሳሹ ዝልግልግነት ከመቶ 5 እጅ ይጨምራል። ልብ ይበሉ፤ ሕጉ ስለ ቅንጣቶቹ ትልቅነትና ትንሽነት አንድ ቃል አይናገርም። ቅንጣቶቹ ጥቂት ሆነው ሲራራቁ፣ እርስ በርሳቸውም ሳይሳሳቡ ሲቀሩ እውነት ነው።

እጅግ የደቀቀ ሲሊካ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ክክና የላመ ሽሮ በአንድ ድስት ውሃ እኩል እንደማያወፍሩ ባለሙያ ሴት ሁሉ ታውቃለች። ሲሊካ እንደ ሽሮ አያብጥም፤ የእርሱ ምሥጢር ገጹ ነው። በነበልባል ውስጥ የሚሠራው ሲሊካ የአንዷ ቅንጣት ስፋት፣ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ቢከፈል 12 ክፍል ያኽል ነው። የዚህ ዱቄት አንድ ግራም ገጹ ቢዘረጋ 200 ካሬ ሜትር ያኽል ይሸፍናል፤ ለአንድ ቤተሰብ ቤት መሥሪያ የሚበቃ ቦታ ማለት ነው። ቅንጣቱ ሺህ እጥፍ የገዘፈ ዱቄት ግን በአንድ ግራም ሩብ ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። ደቃቆቹ ቅንጣቶች ከፖሊኤትሊኑ ይልቅ እርስ በርሳቸው ስለሚዋደዱ፣ ተያይዘው በቀለጠው ፕላስቲክ ውስጥ መረብ ይዘረጋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ የሆነ ዱቄት በዝግታ የሚሄደውን ፕላስቲክ እንደ ገንፎ ያቆመዋል። በኃይል ሲገፋ ግን መረቡ ይበጠሳል፤ ፕላስቲኩም ዱቄት ያልገባበትን ወደ መምሰል ይቀርባል።

ይህ ነገር የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልዎ። አንድ ዘመዴ ጥሪቱን አሟጦ የቧንቧ መሥሪያ መኪና ገዛ። ጥሬው ፕላስቲክ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ሲሊካ ጨምሬ ወጪዬን ልቀንስ ብሎ አማከረኝ። ነጋዴው የሰጠው ወረቀት፣ ፕላስቲኩ በ190 ዲግሪ ሙቀት፣ በ2.16 ኪሎ ጭነት፣ በ10 ደቂቃ ስንት ግራም እንደሚፈስ የሚናገር አንድ ቍጥር ነበረበት። መለኪያው በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው፤ ነገር ግን ምስክርነቱ ለአንድ ጭነት ብቻ ነው። በእርሱ እኩል የሆኑ ሁለት ፕላስቲኮች በመኪናው አፍ ሲጣደፉ ወይም ከወጡ በኋላ በዝግታ ሲረጉ ጠባያቸው ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ «በዝግታም በፍጥነትም ሳታስለካ ገንዘብህን እንዳታወጣ፤ ዱቄቱ መድረቁንም ጠይቅ» አልሁት። ሲሊካ እርጥበት ይወዳል፤ በጋለ ፕላስቲክ ውስጥ ውሃው ተንኖ አረፋ ይሆናል። አረፋ ያለበት ቧንቧ የውሃ ግፊት ሲበዛበት በዚያው በኩል ይሰነጠቃል፤ ሰፈሩም ያለ ውሃ ያድራል።

መድኃኒቱም ያለው ከዚያው ከገጹ ላይ ነው። ቅንጣቱን ሳይሌን በተባለ ኬሚካል ቢቀቡት ከፕላስቲኩ ጋር ይስማማል፤ መረቡ ይላላል፤ ፍሰቱም ይሻሻላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ «ምን ተቀላቀለበት?» ብለው መጠየቅዎን ከቶ አይተዉ። ነገር ግን «እንዴት ደቀቀ? ደርቋልን? ከባለቤቱ ከፕላስቲኩስ ጋር ተስማምቷልን?» የሚለውንም ይጨምሩበት። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ሻጭ ቢያጋጥምዎ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቍጥር የቱንም ያኽል ቢያምር፣ ቧንቧውን ትተውለት ይሂዱ።