የአውራ ጣት ምስክርነት

አንባቢ ሆይ፣ በዳንግላ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት በቀለም የተነከረ አውራ ጣታቸውን በብድር ውል ላይ ሲያሳርፉ አይ ነበር። ያ አሻራ በመንትዮች እንኳ አንድ አይሆንም። ቀድሞ በአገራችን «ሌባ ሻይ» በተባለው ልማድ፣ መድኃኒት የጠጣ ልጅ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር፤ ስንቱ ንጹሕ ተጎድቶ ይሆን! እ.ኤ.አ. በ1892 በአርጀንቲና ሁለት ልጆቿን ገድላ ጎረቤቷን የከሰሰች እናት ግን በበሩ ላይ በተገኘው ደማም አሻራዋ ተጋለጠች፤ ጎረቤቷም ነጻ ወጣ።

ነገር ግን አሻራ ጣት መንካቱን እንጂ ለምን እንደነካ አይናገርም። በእንጅባራ ገበያ ለሽያጭ የቀረበ ብርሌ በቀን ስንት እጅ ያገላብጠዋል? ሱቁ ሌሊት ቢዘረፍ፣ አሻራው በብርሌው ላይ የተገኘ ሁሉ ወህኒ ይውረድን? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20፣ ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ደንግጓል።